ስለ ሞተር ውኃና ስለ ሞተር ዘይት መደባለቅ
(በላንጋኖ አውራ ጎዳና አጠገብ ላሉ ትምህርት ቤቶች የተሰናዳ ንግግር)



ከሞጆ ተነሥቶ በመቂ፥ ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ፥ በአዳሚ ቱሉና በቡልቡላ አልፎ ወደ ሻሸመኔ የሚሄደው አውራ ጎዳና ከላንጋኖ አጠገብ ሲደርስ፥ የላንጋኖ ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፥ አብያታና ሻላ በስተ ምዕራብ ይሆናሉ። በዚህ ጎዳና ላይ ከአዳማና ከአዲስ አበባ የሚመጡ፥ ከሻሸመኔና ከሐዋሳም የሚመለሱ በናፍጣ የሚሠሩ ሚኒባሶች ይመላለሳሉ። ከእነዚህም አንዱ በቀትር ፀሓይ ሞተሩ ፈልቶበት ከመንገድ ዳር ሲቆም፥ ሹፌሩ የፊቱን ወንበር አንሥቶ ሞተሩን ሲገልጥ፥ መንገደኞቹ ወርደው ከግራር ጥላ ሥር ሲጠጉ፥ የቅርቡም መንደር ልጆች ጀሪካን ይዘው ውኃ ሊያመጡ ሲሮጡ መታየቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ይህ ንግግር የተሰናዳው ይልቁንም ለእነዚያ ልጆች ነው፤ ይኸውም የሚያመጡት ውኃ በሞተሩ ውስጥ ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚያበላሽ፥ ሹፌሩም ከራዲያተሩ ውስጥ ስለሚያየው ነገር እንዴት አድርጎ መፍረድ እንደሚገባው ያውቁ ዘንድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ሲከፈት ውኃው አንዳንድ ጊዜ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ይገኛል፤ ከክዳኑም ሥር እንደ ገንፎ የወፈረ፥ በእጅ ሲነኩት የሚያዳልጥ አተላ ተለጥፎ ይታያል። ሹፌሩ ይህን ባየ ጊዜ ፊቱ ይለወጣል፤ የሞተሩ ዘይት ከሞተሩ ውኃ ጋራ ሲደባለቅ እንዲህ ያለ መልክ እንደሚያወጣ ሰምቷልና። ከዚያ ወዲያ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ነገሩን ንቆ ውኃ ጨምሮ ይነዳል፤ ወይም ሞተሩ ሞተ ብሎ እስከ አዳማ አስጎትቶ ሳይመረመር ያስፈታዋል። ንቆ የነዳው ሞተሩን ያጠፋል፤ በችኮላ ያስፈታውም ብዙ ጊዜ ደኅናውን ክፍል አስፈትቶ ገንዘቡን ያጠፋል። አንድ ሚኒባስ የባለቤቱንም፥ የሹፌሩንም፥ የረዳቱንም ቤት የሚያኖር ስለ ሆነ፥ የሁለቱም ስሕተት ጉዳት እስከ ልጆች ማዕድ ይደርሳል።

አስቀድሞ የሞተሩን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በሞተር ውስጥ ሁለት ፈሳሾች ይዞራሉ። አንደኛው ዘይት ነው፤ ሥራውም ብረት ከብረት ጋራ ሲፋተግ እንዳይበላላ ማለስለስ ነው። ሁለተኛው ውኃ ነው፤ ሥራውም ሞተሩ ከእሳቱ የተቀበለውን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ራዲያተሩ ማድረስ፥ በዚያም በነፋስ ቀዝቅዞ መመለስ ነው። ዘይቱን መካኒኮች ኮፓ ከሚሉት ከታችኛው ማጠራቀሚያ የዘይት ፖምፓ እየሳበ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ውኃውንም የውኃ ፖምፓ ይነዳዋል። የሁለቱ መንገድ በአንድ ብረት ውስጥ ጎን ለጎን የተበጀ ሲሆን፥ ሞተሩ ደኅና ሳለ አንዱ ወደ ሌላው ከቶ አይሻገርም።

የሚሻገሩበት በር የሚከፈተው በጥቂት ስፍራ ብቻ ነው። ሞተር ከሁለት ታላላቅ ክፍሎች የተጋጠመ ነው፤ ፒስቶኖቹ የሚመላለሱበት የታችኛው ክፍል ብሎክ ይባላል፤ ከላይ የሚከድነው ደግሞ ከጣሊያን በተወረሰው ቃል ቴስታታ ይባላል። በሁለቱ መካከል ስስ የሆነ መጋጠሚያ ይገባል፤ እርሱንም አንዳንዱ ጋስኬት፥ አንዳንዱ ጓርኒሲዮን ይለዋል። ይህ ስስ ነገር ውኃን፥ ዘይትንና እሳትን ለያይቶ ይጠብቃል። ሲቃጠል ወይም ሲበላ አንደኛው በር ተከፈተ ማለት ነው። ሁለተኛው በር የዘይት ማቀዝቀዣው ነው፤ በብዙ የናፍጣ ሞተር ላይ ዘይቱ በስስ ብረት ውስጥ እያለፈ፥ ውኃው ከውጭ እየከበበው እንዲቀዘቅዝ የሚያደርግ ዕቃ አለና፥ ያ ስስ ብረት በዝገት ወይም በመሰንጠቅ ሲበሳ ዘይት ወደ ውኃው ይገባል። ሦስተኛው የቴስታታው ወይም የብሎኩ የራሱ መሰንጠቅ ነው። ማርሹን በራሱ የሚለውጥ መኪና ቢሆን ደግሞ የማርሹ ዘይት በራዲያተሩ ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ እያለፈ የሚቀዘቅዝ ስለ ሆነ፥ ቧንቧው ሲበሳ ወደ ውኃው የሚገባው የማርሹ ዘይት ነው፤ ያም ብዙውን ጊዜ በተፈጥሮው ቀይ በመሆኑ ውኃውን ወደ ሮዝ ቀለም ይወስደዋል።

የናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ሞተር ይልቅ በዚህ መጋጠሚያ ላይ እንዲከብድ የሚያደርግ ጠባይ አለው። ይህን ሞተር ያወጣው ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው የጀርመን መሐንዲስ ነው፤ የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1893 አገኘ፤ በሚገባ የሚሠራውንም ሞተር እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ አሳየ። በእርሱ ሞተር ውስጥ እንደ ቤንዚን ሞተር ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለም። አየሩ ወደ 20 እጅ ያህል እስኪያንስ ድረስ ይጨመቃል፤ ከመጨመቁም የተነሣ ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ናፍጣው በዚያ በጋለ አየር ላይ ሲረጭ ወዲያው ይነዳል። ስለዚህ በመጋጠሚያው ላይ የሚያርፈው ግፊት እጅግ ብርቱ ነው።

የግፊቱን ነገር ተማሪው በሚገባ ቢያስተውለው የሚቀረው ሁሉ ይቀልለታል። ግፊት ባር በሚባል መለኪያ ይለካል፤ 1 ባር በባሕር ጠረፍ ላይ አየር ከሚጫነው ግፊት ጋራ የተቀራረበ ነው። ሞተሩ በሥራ ላይ ሳለ ዘይቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ባር በሆነ ግፊት ይነዳል። ውኃው ግን የራዲያተሩ ክዳን እስከሚፈቅድለት ድረስ ብቻ፥ ይኸውም እስከ 1 ባር ገደማ፥ ይገፋል። በፒስቶኑ ላይ የሚነደው እሳት ከ60 ባር የሚበልጥ ግፊት አለው። እንግዲህ ብርቱው ወደ ደካማው መሄዱ ግልጽ ነው። ሞተሩ ሲሠራ በሩ ከተከፈተ ዘይት ወደ ውኃ ይገባል፤ ውኃ ወደ ዘይት አይገባም። ሞተሩ ሲጠፋ ግን የዘይቱ ግፊት ወዲያው ይወርዳል፤ የውኃው ግፊት ግን ሙቀቱ እስኪበርድ ድረስ ይቆያልና በዚያ ሰዓት ነገሩ ተገልብጦ ውኃ ወደ ዘይት ሊገባ ይችላል። እሳቱ በር ያገኘ እንደ ሆነ ደግሞ ጢሱ በውኃው ውስጥ አረፋ እያነሣ ይወጣል።

ወደ ቀለሙ ነገር እንመለስ። የመጻሕፍት መምህራን አንዱን ቃል ሲተረጕሙ አንድም እያሉ ፍቺውን በየመልኩ እንደሚያወጡት፥ ይህም ቡናማ ቀለም ከአንድ የበለጠ ፍቺ አለው።

አንድም የሐይቅ ውኃ ነው። የላንጋኖ ውኃ እጅግ ደቃቅ አፈር ተበትኖበት ስለሚኖር በተፈጥሮው ቡናማ ነው። ሹፌሩ ከሐይቁ በተቀዳ ውኃ ራዲያተሩን ሞልቶ ከሄደ በኋላ ነገ ከፍቶ ቢያይ ቡናማ ውኃ ማግኘቱ አያስደንቅም፤ የጨመረውን ነው ያገኘው። ዳሩ ግን የሐይቁ ውኃ ለሞተር የማይስማማበት ሌላ ምክንያት አለ፤ ሶዳ ያለበት በመሆኑ አሉሚኒዮምን ይበላል፥ አፈሩም በራዲያተሩ ጠባብ ቧንቧዎች ውስጥ ይጋገራል። የአብያታና የሻላ ውኃማ ከዚህም የባሰ ሶዳ ስላለበት ወደ ሞተር ባይቀርብ ይሻላል።

አንድም ዝገት ነው። ብሎኩ የብረት ከሆነና በውኃው ውስጥ ዝገት የሚከለክለው ኩላንት ካልገባበት ውስጡ እየዛገ ውኃውን ያቀላዋል።

አንድም ጀሪካኑ ነው። በዚህ ስፍራ ረዘም አድርጎ መናገር ይገባል፤ ይህ ምክንያት ማንም የማያስበው ነውና። የሞተር ዘይት የሚሸጥበት ዕቃ ዘይቱ ካለቀ በኋላ አይጣልም፤ ጠንካራ ስለ ሆነ ለውኃ መቅጃ ይሆናል። በውስጡ የቀረው ዘይት በዓይን ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ የቡና ሲኒ እንኳ የማይሞላ ዘይት ራዲያተር ውስጥ ገብቶ በውኃ ፖምፓው ሲመታ ውኃውን ሁሉ ያደፈርሰዋል። እናቶች ወተት በቅል ሲንጡ ቅቤው ከወተቱ ተለይቶ ይወጣል፤ የውኃ ፖምፓው ግን ሲንጥ የሚሠራው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ተለይቶ የነበረውን ዘይት አድቅቆ ከውኃው ጋራ ያዋህደዋል። እንግዲህ በቅንነት ውኃ ይዞ የሮጠ ልጅ ሳያውቅ የሹፌሩን ልብ የሚሰብር ምልክት በራዲያተሩ ውስጥ ጨምሯል ማለት ነው።

አንድም ሁለት ዓይነት የማይስማሙ ኩላንቶች ተደባልቀው የረጋ ነገር ሠርተዋል። ይህ ጥቂት ጊዜ የሚገኝ ነው።

አንድም በእውነት የሞተሩ ዘይት በውስጥ በር ገብቷል።

እነዚህን ለመለየት በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። የፈላ ሞተር ክዳን ፈጽሞ አይከፈትም። ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ምድሩ ከፍ ባለ ቍጥር ግን የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ቀድሞ ይፈላል፤ ላንጋኖ ከባሕር ጠለል ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለ ሆነች በዚያ ውኃ በክፍት ድስት ውስጥ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በአዲስ አበባም በ92 ገደማ። የራዲያተሩ ክዳን ግን ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ በውስጡ ያለው ውኃ ከ100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል። ክዳኑ በድንገት ሲከፈት ግፊቱ ይጠፋል፤ ያ ሁሉ ውኃ በአንድ ጊዜ ፈልቶ እንፋሎት እየሆነ ወደ ፊትና ወደ ዓይን ይወረወራል። ስለዚህ ልጆች ውኃ አድርሰው ወደ ኋላ ፈቀቅ ይበሉ፤ ሹፌሩም የላይኛውን ማኒኮቶ በእጁ ይዞ ሳያቃጥለው ለመያዝ እስኪችል ድረስ ይጠብቅ፤ ይህም ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስም ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ እንዲህም ሲሆን ያልነበረው በሽታ በእጅ ይፈጠራል።

ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑ ተከፍቶ ከውኃው ጥቂት በንጹሕ ጠርሙስ ይቀዳል። ይህን ፈተና መምህሩ በክፍል ውስጥ በሦስት ጠርሙስ ለተማሪዎቹ ሊያሳዩት ይችላሉ። በአንደኛው ጠርሙስ የላንጋኖ ውኃ ብቻ ይሞላል። በሁለተኛው የላንጋኖ ውኃ ሞልቶ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ይጨመርና ክንድ እስኪደክም ድረስ ይናጣል። በሦስተኛው ጥቂት የዛገ ሚስማር ያደረበት ውኃ ይሆናል። ሦስቱም ሌሊቱን ሳይነኩ ያድራሉ። በማግሥቱ የዛገው ውኃ ዝቃጩን ከታች አስቀምጦ ይገኛል። የላንጋኖ ውኃ አፈሩ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ገና ድፍርስ እንደ ሆነ ነው፤ ላዩ ግን ንጹሕ ነው። ዘይት የገባበት ግን ከላይ ቢያንስ አንድ ስስ ሽፋን ያወጣል። የላንጋኖ ድፍርስ ሌሊቱን አድሮ አለመጥራቱ ብዙ ሰው የሚያስት ነውና፥ አንደኛው ጠርሙስ ለማነጻጸሪያ ካልቆመ ፈተናው ምንም አይጠቅምም።

ከሞተሩ በተቀዳው ውኃ ዘንድ ግን ዘይቱ እጅግ ከመድቀቁ የተነሣ አንድ ሌሊት አልበቃው ብሎ ሳይለይ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ የወረቀት ፈተና ይረዳል። ከአተላው ጥቂት በነጭ ወረቀት ላይ ተቀብቶ በፀሓይ ይደርቃል። ጭቃ ከሆነ ደርቆ ይራገፋል፤ ዝገት ከሆነ ቀይ ዱቄት ሆኖ ይቀራል፤ ዘይት ከሆነ ግን ቅቤ የነካው ወረቀት እንደሚሆን ሁሉ፥ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ሲያነሡት ነጠብጣቡ ብርሃን ያሳልፋል። ለዚህ ፈተና ገንዘብ አይወጣም።

ዘይቱ መኖሩ ከታወቀ በኋላ የሚጠየቀው ከየት መጣ ተብሎ ነው። የዘይት መለኪያው ዘንግ ተስቦ ይታያል፤ በላዩ ያለው ዘይት ጥቁር ሆኖ ቢገኝ ውኃ አልገባበትም ማለት ነው፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት በጥላሸት ቶሎ ስለሚጠቁር ጥቁረቱ አያስፈራ። ነጣ ያለና ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል። የተጠራጠረ ሰው ከዘይቱ አንድ ጠብታ በጋለ ምጣድ ላይ ቢያንጠባጥብ፥ ውኃ ያለበት ዘይት ይንጣጣል፥ የሌለበት ዝም ብሎ ይጨሳል። (ምጣዱ እንጀራ የሚጋገርበት ባይሆን ይመረጣል።) የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ ጥቂት ነጭ አረፋ ቢገኝ ግን ለፍርድ አይበቃም፤ በብርድ ስፍራ አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ሞተሩ በሚገባ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ከአየሩ የሚሰበሰበው እርጥበት ይህን ያህል ነጭነት ሊያመጣ ይችላል። የሚፈረደው በዘንጉ ላይ ባለው ነው።

ቀጥሎ፥ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑ ተነሥቶ ሞተሩ ይነሣል፤ በውኃው ላይ አረፋ እያከታተለ ቢወጣ፥ በፍጥነት ሲረገጥም አረፋው ቢበዛ፥ እሳቱ ወደ ውኃው በር አግኝቷል። ውኃ ገና በተሞላ ጊዜ ግን በውስጥ የቀረ አየር ለጥቂት ደቂቃ አረፋ ሊሰጥ ይችላልና እስኪያልቅ መታገሥ ነው። ጥሩ ጋራዦች ዘንድ ለዚህ የሚሆን መርማሪ ፈሳሽ አለ፤ ሰማያዊ ነው፤ ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣው አየር ሲያልፍበት የተቃጠለ ጢስ ካለ ቀለሙ ይለወጣል፤ ለቤንዚን ሞተር ወደ ቢጫ፥ ለናፍጣ ወደ አረንጓዴ።

እንግዲህ ምልክቶቹ ተሰብስበው ይነበባሉ። በውኃው ዘይት ተገኝቶ፥ በዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ጥቁርና ደኅና ሆኖ፥ አረፋም ካልታየ፥ ከጓርኒሲዮኑ በፊት የዘይት ማቀዝቀዣው ይጠርጠር። አንዳንድ ሞተር ይህ ዕቃ የለውምና መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በውኃው ዘይት፥ በዘይቱም ውኃ፥ ከዚህም ጋራ አረፋ ከታየ ጥርጣሬው ወደ ጓርኒሲዮኑ ወይም ወደ ቴስታታው ይሄዳል። ዘይት በውኃ ውስጥ የለም፥ ውኃ ግን በዘይቱ አለ ቢባል፥ በታላላቅ የጭነት መኪናዎች ዘንድ መካኒኮች ካሚቻ የሚሉት የፒስቶን ቤት በግርጌው ያለው የጎማ ቀለበት ሊሆን ይችላል፤ ያ ሌላ ንግግር የሚሻ ነው። ይህ ሁሉ ጥርጣሬ ነው እንጂ ገና ፍርድ አይደለም፤ ጓርኒሲዮኑም በዘይቱ መንገድ በኩል ብቻ ተበልቶ ያለ አረፋ ዘይት ሊያሳልፍ ይችላልና።

የማቀዝቀዣው ፈተና ቀላል ነው። ዕቃው ከሞተሩ ይወልቃል፤ አንደኛው ወገን ተደፍኖ በሌላው ወገን አየር ይነፋበትና በውኃ ገንዳ ውስጥ ይነከራል። ጎሚስታ የጎማ ካላማዳሪያን ቀዳዳ የሚፈልገው በዚሁ መንገድ መሆኑን የመንገድ ዳር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ አረፋ ከወጣበት ስፍራ ቀዳዳው አለ። ማቀዝቀዣውን ማውለቅ ቴስታታ ከመፍታት እጅግ የቀለለና የረከሰ ሥራ ስለ ሆነ መጀመሪያ እርሱ መፈተን አለበት። ይህን ትቶ በቀጥታ ቴስታታ ለመፍታት መፍቻ የሚያነሣ መካኒክ ሲገጥም ሹፌሩ ምክንያቱን ቢጠይቅ አያሳፍረውም።

የዚህም ምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል። አንድ ወጣት ሹፌር በላንጋኖ መንገድ ሞተሩ ፈልቶበት ልጆች ባመጡለት ውኃ ሞልቶ፥ በማግሥቱ ቡናማ አተላ ቢያይ ደንግጦ ወደ አዳማ ወደ አንድ አዛውንት መካኒክ ይደርሳል።

«ጋሼ፥ ጓርኒሲዮኑ ሄዷልና ዛሬውኑ ይፍቱልኝ» ይላል።

«ቆይ እስቲ ልጄ፥ ውኃውን በምን ቀዳህ?»

«ልጆች በጀሪካን አመጡልኝ።»

«ጀሪካኑስ የምን ነበር?»

ሹፌሩ ወደ መኪናው ተመልሶ ጀሪካኑን ያመጣል፤ አዛውንቱም ክዳኑን ከፍተው ያሸቱታል፥ ጣታቸውንም ወደ አፉ ውስጥ አግብተው ያወጡታል። ጣታቸው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ከዚያም ዘንጉን ያያሉ፤ አረፋውንም ይጠብቃሉ፤ ሁለቱም ደኅና ይሆናሉ። እንዲህ በሆነ ጊዜ ሞተሩ አይፈታም። ውኃው ወጥቶ ይታጠባል፥ ንጹሕ ውኃ ይሞላል፥ ሹፌሩም ለጥቂት ቀን ነድቶ ይመለሳል። ዘይቱ ከጀሪካኑ ብቻ የመጣ ከሆነ እየጠራ ይሄዳል፤ ከውስጥ በር የሚመጣ ከሆነ ግን ታጥቦም ይመለሳል፥ ሥራውም ከዚያ ይጀመራል።

ቴስታታው መፈታቱ ግድ የሆነ እንደ ሆነ ጓርኒሲዮኑን ብቻ ለውጦ መግጠም ሥራን በግማሽ መተው ነው። ጓርኒሲዮኑ ለምን ተቃጠለ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቷልና። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አስቀድሞ የደረሰ መፍላት ነው፤ የፈላ ቴስታታ ይጣመማል። ስለዚህ ቀጥ ያለ የብረት መስመሪያ በፊቱ ላይ ተጋድሞ በሥሩ ስስ መለኪያ ይገባል፤ በመስመሪያውና በብረቱ መካከል ያለው ክፍተት ፋብሪካው ከወሰነው፥ ይኸውም ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ከማይበልጠው ልክ ካለፈ፥ ወደ ሬቲፊካ ተወስዶ ይስተካከላል፤ መሰንጠቁም በዚያው ይመረመራል። ሲገጠምም ብሎኖቹ ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር፥ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየደረጃው፥ በመለኪያ መፍቻ ይጠብቃሉ። በክንድ ኃይል የሚገመት ነገር አይደለም። ቀድሞ ያፈላውም ምክንያት፥ የላላ ቺንጊያ ቢሆን፥ የተጋገረ ራዲያተር ቢሆን፥ ያልተከፈተ ቴርሞስታት ቢሆን፥ አብሮ ይታረም። እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተው ከአዲስ አበባ አዳማ የፈጣን መንገድ በመሰለ ጎዳና ላይ ረጅም ጊዜ በፍጥነት የሚነዳ ሰው ውኃውን ሳያይ ባይነሣ መልካም ነው።

እጥበቱ የሚናቅ አይደለም። ዘይት በውኃው መንገድ ሁሉ ተለጥፎ ሙቀት እንዳይወጣ ይከለክላል፤ የማኒኮቶዎቹንም ጎማ ያብጣል፥ ያለሰልሳል። ስለዚህ ማኒኮቶው በጣት ተጨምቆ እንደ ሊጥ የለሰለሰ ከሆነ ይለወጣል። ለማጠቢያ የሚሆነው አረፋው የማይበዛ፥ ቅባት የሚያወጣ ሳሙና በሙቅ ውኃ ተበጥብጦ ነው፤ ሞተሩ ሠርቶ ከሞቀ በኋላ ቀዝቅዞ ይፈስሳል፤ ይህም ውኃው ንጹሕ እስኪወጣ ሦስትና አራት ጊዜ ይደጋገማል። ቤንዚን ወይም ናፍጣ ጨምሮ ማጠብ በአንዳንድ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ጎማውን ይበላል፥ ለእሳትም አደጋ ነው። የሚፈሰውም እጣቢ በሣህን ይጠራቀም እንጂ ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ጅረት አይለቀቅ፤ ቆሮሶና አምባዛ የሚሰገርበት ውኃ ነውና። ኩላንት ደግሞ መርዝ ነው፤ ጣዕሙ ጣፋጭ ስለ ሆነ ውሻም ሕፃንም ሊቀምሰው ይችላልና በክፍት ዕቃ ተትቶ አይደር።

በመጨረሻም የሚሞላው የተጣራ ውኃና ኩላንት ግማሽ በግማሽ ነው። የውኃ ጀሪካኑ ለውኃ ብቻ ይለይ፤ «የሞተር ውኃ» ተብሎ በቀለም ይጻፍበት። የመንደሩ ልጆችም ውኃ ለማቀበል በሚሮጡ ጊዜ ዕቃውን አስቀድመው ያሽትቱት።

ከእጥበቱ በኋላ ሹፌሩ በየሦስት ቀኑ ጠዋት፥ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፥ ከራዲያተሩ ጥቂት ውኃ በትንሽ ጠርሙስ እየቀዳ ቀኑን በወረቀት ጽፎ ይለጥፍበት። በመጀመሪያው ጠርሙስ ላይ ስስ የዘይት ሽፋን ቢታይ ከእጥበት የቀረ ሊሆን ስለሚችል አይደንግጥ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የጠራ፥ ሦስተኛውም ከሁለተኛው የጠራ ከሆነ በሩ ተዘግቷል። ሦስተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ የደፈረሰ ከሆነ ግን ጠርሙሶቹን እንዳሉ ይዞ ወደ መካኒኩ ይመለስ።